ጨብጥና ኤ54፦ የአባለ ዘር ጤና ቃላት ከንግግር ወደ ኤሌክትሮኒክ የሕሙማን መዝገብ የተጓዙበት ታሪክ

መግቢያ

የኤሌክትሮኒክ የሕሙማን መዝገብ ዓላማ ግልጽ ነው፦ በአንድ ጤና ጣቢያ የተጻፈ ቃል በሌላ ጤና ጣቢያ፣ በሌላ ክልልና በሌላ አገር ሲነበብ ያንኑ አንድ ነገር እንዲያመለክት ማድረግ። ስለዚህም እያንዳንዱ በሽታ፣ እያንዳንዱ የሕመም ምልክትና እያንዳንዱ የምርመራ ውጤት መለያ ኮድ ይሰጠዋል። በአጥንት ስብራት ረገድ ይህ አሠራር የሚያስከትለው የቋንቋ ችግር ጥቂት ነው። በአባለ ዘር ጤና ረገድ ግን ነገሩ ይለያል። ከሚመዘገበው ጉዳይ ብዙው በመሣሪያ የሚለካ ሳይሆን ከሕመምተኛው አንደበት የሚወጣ ነው፤ ሲወጣም በይሉኝታ ተሸፍኖ፣ በተለዋጭ ስም ተተክቶ፣ አንዳንዴም በዝምታ ታልፎ ነው።

ይህ ጽሑፍ በኢትዮጵያና በምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የአባለ ዘር ጤና ቃላት ከንግግር ወደ ወረቀት መዝገብ፣ ከወረቀት መዝገብም ወደ ኮምፒውተር የተጓዙበትን መንገድ ይከታተላል። የሚያቀርበው መከራከሪያ በአጭሩ ይህ ነው፦ እስካሁን መደበኛነት የተሰጠው ለመልሱ እንጂ ለጥያቄው አይደለም። ኮዱ በዓለም ዙሪያ አንድ ነው፤ ኮዱ የተገኘበት ቃለ ምልልስ ግን በየጤና ጣቢያውና በየቋንቋው የተለያየ ነው። ክፍተቱ ከኮምፒውተር ጋር የመጣ አይደለም። ከእርሱ የቀደመ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም በአብዛኛው የቋንቋ ታሪክ ነው።

1. ከመዝገብ ውጭ የነበሩ ስሞች

የአማርኛ ተናጋሪው ኅብረተሰብ የላቦራቶሪን ፍርድ ሳይጠብቅ ለአባለ ዘር ሕመሞች ስም አውጥቷል። ከእነዚህ ስሞች አራቱ ዛሬም በሕዝቡም በጤና ባለሙያውም አንደበት ይሰማሉ፦ ጨብጥ፣ ቂጥኝ፣ ከርክርና ባምቡሌ። ቂጥኝ በተለይ በአገሪቱ የሕክምና ታሪክ ውስጥ ሰፊ ቦታ አለው። ሪቻርድ ፓንክኸርስት ስለ ኢትዮጵያ የሕክምና ታሪክ በጻፋቸው ሥራዎች የበሽታውን መስፋፋትና ባህላዊ ሕክምናውን ደጋግሞ አንሥቷል፤ ስቴፋን ስትሬልሲንም የመድኃኒት መጻሕፍትን የብራና ቅጂዎች ለቋንቋና ለዕፀዋት ተመራማሪዎች ከፍቷል።

ዘመናዊ የሥልጠና ጽሑፎች አራቱን ስሞች ከአራት የላቲን ስሞች ጋር ያዛምዳሉ። ጨብጥ ለጎኖሪያ፣ ቂጥኝ ለሲፊሊስ፣ ከርክር ለሻንክሮይድ፣ ባምቡሌ ለሊምፎግራኑሎማ ቬኔሪየም ተሰጥተዋል። ዝምድናው ንጹሕ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሁለቱ የስም ሥርዓቶች የቆሙበት መሠረት የተለያየ ነው። የላቲኑ ስም የሚያመለክተው በሽታውን ያመጣውን ተሕዋስ ነው። የአማርኛው ስም የሚያመለክተው የሚታየውንና የሚሰማውን ነው፦ ጨብጥ በሽንት ጊዜ ማቃጠልንና ፈሳሽን፣ ከርክር የብልት ቁስልን፣ ባምቡሌ የብሽሽት እብጠትን። በሽንት ቧንቧ ውስጥ የሚገኝ ክላሚዲያም እንደዚሁ ያቃጥላል፤ እንደዚሁ ፈሳሽ ያመጣል። ለክላሚዲያ የተለየ የአማርኛ ስም አለመኖሩ የቋንቋው ድህነት አይደለም፤ ያለ ማይክሮስኮፕ ከጨብጥ የሚለየው ነገር ባለመኖሩ በጨብጥ ስም ሥር ሲጠራ ስለ ቆየ ነው። ባምቡሌም እንዲሁ ነው፤ የብሽሽት እብጠት ከሻንክሮይድም ከሊምፎግራኑሎማም ሊመጣ ይችላል።

አጎራባች ቋንቋዎች ተመሳሳይ ሥርዓት አላቸው። በትግርኛ ጨብጢ፣ በኦሮምኛ ጮብጦ፣ በሶማልኛ ጀብቶ ይባላል፤ የድምፅ ቅርበታቸው ቃሉ ከሕመሙ ጋር ከአገር አገር የተዘዋወረ መሆኑን ያሳስባል። የኦሮምኛው ፋንጦ ቂጥኝን ሲያመለክት፣ በአማርኛ በተነባቢዎቹ የሚቀርበው ፈንጣጣ ፍጹም ሌላ በሽታ ነው። ሁለቱን ቋንቋዎች በአንድ ቀን በአንድ ክፍል ውስጥ የሚሰማ የጤና ባለሙያ ይህን ልዩነት በራሱ ብልሃት መጠበቅ አለበት። በኪስዋሂሊ ደግሞ ኪሶኖኖ ለጨብጥ፣ ካስዌንዴ ለቂጥኝ ያገለግላሉ፤ ምቶኪ የብሽሽት እብጠትን ይጠራል፤ ከባምቡሌ ጋር የሚመሳሰል ስም ነው።

ከምልክቱ ባሻገር እነዚህ ስሞች የራሳቸው የመንሥኤ ትምህርት አላቸው። በፀሐይ በጋለ ድንጋይ ላይ ወይም ወደ ጨረቃ ፊትን አዙሮ መሽናት ጨብጥ ያመጣል የሚለው እምነት በኢትዮጵያ በብዙ አካባቢ ይታወቃል። ይህን እንደ አለማወቅ ብቻ መመልከት የቋንቋ አጠቃቀሙን ምሥጢር ያስታል። «ጨብጥ ያዘኝ» ማለት ኑዛዜ አይደለም። ቃሉ የተናጋሪውን ክብር የሚጠብቅ በር ክፍት ይተዋል፤ ባለትዳር በሚስቱ ፊት፣ ወጣት በአባቱ ፊት ሊናገረው ይችላል። በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ አሥረኛ እትም ግን ኤ54 የሚገኘው «በአብዛኛው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉ ልክፈቶች» በሚለው ክፍል ውስጥ ነው። ጨብጥ ወደ ኤ54 ሲተረጐም መዝገቡ ሕመምተኛው ያልተናገረውን ዐረፍተ ነገር በእርሱ ስም ይናገራል።

2. የኡጋንዳው ቁጥር

ስምና ምደባ ሲጣረሱ ምን ሊከተል እንደሚችል የሚያሳየው ቀደምት ምሳሌ ከኡጋንዳ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1907 እና በ1908 የእንግሊዝ ጦር ሐኪም የነበረው ኮሎኔል ላምኪን በኡጋንዳ ስለ ቂጥኝ ጥናት አካሂዶ በሽታው ሕዝቡን ሊያጠፋ የተቃረበ መሆኑን የሚያስረዳ ዘገባ አቀረበ። ዘገባው በለንደን የሕክምና መጽሔት ታተመ፤ በቡጋንዳም በአባለ ዘር በሽታዎች ላይ ለተነሣው ዘመቻ መነሻ ሆነ። ዛሬ የአገሪቱ ዋና ሪፈራል ሆስፒታል የሆነው ሙላጎ እ.ኤ.አ. በ1913 ሲመሠረት ከተሰጡት ተግባራት አንዱ እነዚህን በሽታዎች ማከም ነበር።

ኋላ የተነሡ የታሪክ ጸሐፊዎች፣ ከእነርሱም መካከል ሜጋን ቮን፣ ይህን ቁጥር በጥንቃቄ መረመሩት። ከተቆጠሩት ሕሙማን ብዙዎቹ በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ቂጥኝ ሳይሆን በቆዳ ንክኪ በተለይ በሕፃናት መካከል የሚተላለፍ ያውስ ወይም ከዚያ ጋር ቅርበት ያለው ሕመም ይዟቸው ሊሆን እንደሚችል አመለከቱ። ሁለቱ በሽታዎች የሚመጡት እጅግ ከሚቀራረቡ ተሕዋስያን ነው፤ የደም ምርመራም አይለያቸውም። አካባቢው ለእነዚህ ሕመሞች የራሱ ስሞች ነበሩት፤ መዝገቡ ግን የተጻፈው በአንድ የእንግሊዝኛ ስም ነበር፤ ያ ስምም ከበሽታው ጋር አንድ የሥነ ምግባር ክስ ይዞ መጣ። ዘመኑ የሴቶች ነፃነት መስፋትንና የአሮጌው ሥርዓት መላላትን የበሽታው ምክንያት አድርጎ የተረከው በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ለቋንቋ ተመራማሪው ግልጽ ነው። ስሕተቱ የተፈጸመው ስሌቱ ላይ አልነበረም። የተፈጸመው ከስሌቱ በፊት፣ የሰዎቹ ሕመም ወደ መዝገቡ ስም በተለወጠበት ቅጽበት ነው። በዚያ ቅጽበት ላይ የተሠራ ስሕተት በኋላ በሚመጣ ድምር አይታረምም፤ ይባዛል እንጂ።

3. «አባለ ዘር» እንዴት መደበኛ ቃል ሆነ

ወደ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሕክምና የገባው በውጭ አገር ሐኪሞች እጅ ነው። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1896 የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድንና ከእርሱ በኋላ የመጡት የልዩ ልዩ አገር ሐኪሞች ሕሙማንን ያነጋገሩት በአስተርጓሚ ነው። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችንና ነርሶችን ማሠልጠን ሲጀምርም የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ የተለመደው አሠራር ይህ ነው፦ ሕመምተኛው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ይናገራል፤ ካርዱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። የቀድሞው አስተርጓሚ ከክፍሉ ወጣ፤ ሥራው ግን በጤና ባለሙያው ጫንቃ ላይ ቀረ።

በዚህ ሂደት ውስጥ አንድ ጠቅላላ ስም አስፈለገ። እንግሊዝኛ ራሱ ስሙን ሁለት ጊዜ ለውጧል። መጀመሪያ በሮማውያን የፍቅር አምላክ በቬነስ ስም የተጠራው ነገር፣ ቀጥሎ «በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ በሽታ»፣ ከዚያም «በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ልክፈት» ተባለ። ለውጡ በዓለም አቀፉ ምደባ ውስጥም ይታያል፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የጸደቀው ዘጠነኛው እትም የቬነስን ስም ይዞ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የጸደቀው አሥረኛው እትም ትቶታል።

አማርኛ ከእነዚህ አንዱንም ቃል በቃል ሳይከተል ከግእዝ ወሰደ። አባል የሰውነት ክፍል፣ ዘር ዘር ነው፤ አባለ ዘር በግእዝ ዘርፍ ሕግ «የዘር አባል» ማለት ነው። ስያሜው በሽታውን የሚጠራው በሚገኝበት የሰውነት ክፍል እንጂ ሰው ባደረገው ድርጊት አይደለም፤ ፍርድ አልያዘም። ከኪስዋሂሊው ነባር ስያሜ ጋር ሲነጻጸር ይህ ጥንቃቄ ጎልቶ ይታያል። ማጎንጅዋ ያ ዚናአ የሚለው ሐረግ ከዐረብኛው ዚና የመጣ ስለሆነ በቀጥታ ሲተረጐም «የዝሙት በሽታዎች» ማለት ነው፤ ከባሏ ሌላ ወንድ የማታውቅ ሴት በዚህ ስም በተከፈተ መዝገብ ላይ ስትጻፍ ስሙ ይመሰክርባታል። በኪስዋሂሊ የጤና ጽሑፎች ውስጥ ዚናአን በንጎኖ፣ ማለትም በግብረ ሥጋ፣ የመተካት ዝንባሌ የታየው በዚህ ምክንያት ነው።

የአማርኛው ቃልም ሁለት ችግር ገጠመው። አንደኛው የጽሕፈት ነው። የግእዙ ዘርፍ በተናጋሪው ጆሮ ስለ ደበዘዘ አባለ ዘር፣ አባለዘርና አባላዘር ጎን ለጎን ይጻፋሉ። ለአንባቢ ሦስቱ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ሦስት ናቸው። ማኅፀን የሚለው ቃል ይብሳል፤ ሦስቱን የሀ ዘሮችና ሁለቱን የጸ ዘሮች በማፈራረቅ ብቻ ስድስት አጻጻፍ ይወጣዋል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ማግኘቱ ጽሑፍ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ እንዲሄድ አስቻለ እንጂ ይህን የሞክሼ ፊደላት ጣጣ አልፈታም።

ሁለተኛው ችግር የትርጉም ነው። እንግሊዝኛው ከበሽታ ወደ ልክፈት የተሻገረው ምልክት የሌለውን ሰው ለመጨመር ነው። በአማርኛ በሽታ የሚሰማ ነገር ነው፤ ያልታመመ ሰው በሽተኛ አይባልም። ልክፈት የሚለው ቃል ደግሞ ከልክፍት ጋር ስለሚቀራረብ የክፉ መንፈስን ጥላ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ባለሙያው ኢንፌክሽን የሚለውን የውሰት ቃል ይመርጣል፤ በሕዝብ ፊት ሲቆም ግን ወደ «የአባለ ዘር በሽታ» ይመለሳል። ምንም ሳይሰማት ለምርመራ የተጠራች ነፍሰ ጡር «በሽታ የለብኝም» ብላ ብትመልስ ሐሰት አልተናገረችም፤ የተጠየቀችው በተሳሳተ ስም ነው።

4. የኤች አይ ቪ ዘመን፦ ቋንቋው የቀደመበት ጊዜ

በኢትዮጵያ የኤች አይ ቪ የመጀመሪያ ማስረጃ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1984 በተሰበሰበ የደም ናሙና ላይ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በአጎራባች አገሮች ስሙ የተገኘው በልዩ ልዩ መንገድ ነበር። በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1985 ለሕክምናው ዓለም ይፋ የሆነው ሕመም በሕዝቡ ዘንድ «ስሊም» ይባል ነበር፤ ክሳቱን የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ቃል ሲሆን ሉጋንዳ ሲሊሙ ብሎ የራሱ አደረገው። ኪስዋሂሊ ኡኪምዊ የሚል የራሱን ምሕጻረ ቃል ሠራ፤ ሲዘረዘር «በሰውነት ውስጥ የመከላከያ መጉደል» ማለት ነው። አማርኛ ኤድስንና ኤች አይ ቪን በውሰት ተቀበለ፤ በዕለት ንግግር ግን «በሽታው» እያለ ሸሸገው።

በዚህ ዘመን የተፈጠረው ከሁሉ የላቀ የአማርኛ ስያሜ «ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ የሚገኝ ወገኖች» የሚለው ነው። ሐረጉ ረጅም ነው፤ ለመዝገብ ዓምድ አይመችም። ይሁን እንጂ ትክክለኛነቱ አስደናቂ ነው። በዓለም አቀፉ ምደባ አሥረኛ እትም በኤች አይ ቪ ምክንያት የታመመ ሰው ከቢ20 እስከ ቢ24 ባለው ክፍል ይመደባል፤ ቫይረሱ ኖሮበት ያልታመመ ሰው ግን ከበሽታዎች ወጥቶ ዜድ21 በሚል ኮድ እንደ ሁኔታ ይመዘገባል። የአማርኛው ሐረግ ይህንኑ ልዩነት ይጠብቃል፤ ሰውየውን በሽተኛ አይለውም፤ ቫይረሱ የት እንዳለ ብቻ ይናገራል፤ ወገን በማለትም ከኅብረተሰቡ ጋር ያስተሳስረዋል። ለመደበኛነት የሚፈለገው የቃል ጥራት ከቋንቋው ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

የዚሁ ዘመን ተቃራኒ ምሳሌ «ነፃ» የሚለው ቃል ነው። የምርመራው ውጤት ኔጌቲቭ ሲሆን «ነፃ ነህ» ይባላል። ቃሉ የፍርድ ቤት ቃል ነው፤ የተከሰሰ ሰው በነፃ ይለቀቃል። ስለዚህም ሁለት ነገር ይጨምራል፦ ቫይረሱ ያለበት ሰው ጥፋተኛ የሆነ ያስመስላል፤ ውጤቱም ዘላቂ ፍርድ የሆነ ያስመስላል። ኔጌቲቭ ግን ቀን ያለው ውጤት ነው፤ ልክፈቱ ገና ከሆነ ምርመራው ላያገኘው ይችላል።

በወረቀት ካርዱ ላይ ደግሞ ሌላ ቋንቋ አደገ። የኢትዮጵያ ሐኪሞች ኤች አይ ቪ ብለው በግልጽ ከመጻፍ ይልቅ «አር ቪ አይ» የሚል የእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃል ይጽፋሉ፤ የቃላቱ መነሻ «ሬትሮቫይራል ኢንፌክሽን» ነው። በአልጋው ዙሪያ የቆሙ ጠያቂዎች ሲሰሙት አይገባቸውም፤ ካርዱን ያየ የጽዳት ሠራተኛም አያውቀውም። ይህ የሙያ ቋንቋ የአንድን ሰው ምሥጢር በቋንቋ ግድግዳ የመጠበቅ ጥበብ ነው። እንግሊዝኛው በመዝገቡ ውስጥ የሰጠው ጥቅም የሳይንስ ብቻ ሳይሆን የምሥጢርም እንደ ነበረ መታወቅ አለበት፤ መዝገቡን ወደ አገር ቋንቋ መመለስ የሚፈልግ ሁሉ ለዚህ ግድግዳ ምትክ ማዘጋጀት ይኖርበታል።

5. ከሞሶሪዮት እስከ ስማርትኬር

በምሥራቅ አፍሪካ የኤሌክትሮኒክ የሕሙማን መዝገብ ታሪክ ሲጻፍ ከኬንያዋ ኤልዶሬት አቅራቢያ የሚገኘው የሞሶሪዮት የገጠር ጤና ጣቢያ ስም ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2001 የሞይ ዩኒቨርሲቲና የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ትብብር ከሬገንስትሪፍ ተቋም ጋር በዚያ የጀመረው መዝገብ ለኤች አይ ቪ ሕክምና ወደሚያገለግል ሰፊ ሥርዓት አደገ፤ ከዚያም ልምድ እ.ኤ.አ. በ2004 ኦፕንኤምአርኤስ የተባለው በነፃ የሚሠራጭ ሥርዓት ተወለደ። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በሩዋንዳ ብዙ ጤና ተቋማት ዛሬም የሚሠሩት በዚሁ ላይ ነው። በኢትዮጵያ በዛምቢያ የተጀመረው ስማርትኬር የቱሌን ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ታክሎበት ወደ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ገባ፤ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ክፍሎችም ዋና መሣሪያቸው አደረጉት።

ሥርዓቱ ወደዚህ ቀጠና የገባው በኤች አይ ቪ ሕክምና በኩል መሆኑ የቃላቱን አወቃቀር ወስኗል። የኤች አይ ቪ መስኮች ዝርዝርና ጥብቅ ናቸው፤ የተመረመረበት ቀን፣ የመድኃኒቱ ዓይነት፣ የቫይረሱ መጠን ሁሉም የራሱ ቦታ አለው። ሌሎቹ የአባለ ዘር ሕመሞች ግን ብዙ ጊዜ በጥቂት ምርጫዎች ወይም በነፃ ጽሑፍ ውስጥ ይቀራሉ። «አር ቪ አይ» ተብሎ በነፃ ጽሑፍ የገባ ሕመምተኛ በሪፖርት ላይ ሳይቆጠር ሊያልፍ ይችላል፤ ምሥጢሩን የጠበቀለት ቃል ከቁጥር ያወጣዋል።

በዚህ ላይ የሕክምናው መመሪያ ራሱ አቅጣጫ ለውጧል። የዓለም ጤና ድርጅት ላቦራቶሪ ለሌላቸው ተቋማት በምልክት ላይ የተመሠረተ ሕክምናን መክሯል፤ ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። ነርሷ የምታክመው ጎኖሪያን ሳይሆን «የሽንት ቧንቧ ፈሳሽን»፣ ሻንክሮይድን ሳይሆን «የብልት ቁስልን» ነው፤ መድኃኒቱም ሊኖሩ የሚችሉትን ተሕዋስያን በአንድነት የሚመለከት ነው። እዚህ ላይ የታሪኩ ምጸት ይታያል። ጨብጥ፣ ከርክርና ባምቡሌ ቀድሞውኑ የምልክት ስሞች ነበሩ። ሳይንሱ ዞሮ ዞሮ ሕዝቡ ወደ ነበረበት ምደባ ሲመለስ፣ መዝገበ ቃላቱ ግን ጨብጥን ከኤ54 ጋር አስሮ ትቶታል። ምልክቱን ብቻ የሚያመለክተው አር36፣ ማለትም የሽንት ቧንቧ ፈሳሽ፣ ለሕዝቡ ቃል የሚቀርብ ኮድ ነበር።

6. ጥያቄው በየትኛው ቋንቋ

በኦፕንኤምአርኤስ አወቃቀር ውስጥ ለቋንቋ ተመራማሪ ትልቅ ትርጉም ያለው አንድ ነገር አለ። በዚያ ሥርዓት መልሱ ብቻ ሳይሆን ጥያቄውም ራሱን የቻለ ጽንሰ ሐሳብ ነው። እያንዳንዱ ጽንሰ ሐሳብ በየቋንቋው ተመራጭ ስምና ተጓዳኝ ስሞች ሊኖሩት ይችላል። ከዓለም አቀፍ ኮድ ጋር ሲያያዝም ግንኙነቱ «አንድ ነው»፣ «ይጠባል» ወይም «ይሰፋል» ተብሎ ይገለጻል። እንግዲህ ጨብጥ ከኤ54 «ይሰፋል» ብሎ መመዝገብ የሚያስችል መሣሪያ አለ። የጎደለው መሣሪያ አይደለም፤ የቃሉን ስፋት ለክቶ የሚያስረክብ የቋንቋ ሥራ ነው።

ጥያቄዎቹን ስናይ የሥራው ክብደት ይታወቃል። በእንግሊዝኛው ቅጽ ላይ ስለ ግብረ ሥጋ የሚጠየቀው ጥያቄ በአማርኛ ቢያንስ አራት መልክ አለው። ሩካቤ የቤተ ክርስቲያን ቃል ነው፤ ከግእዙ ረከበ፣ «አገኘ» ከሚለው ግሥ ወጥቷል። ግንኙነት ደግሞ በዚሁ ምሳሌ ከአማርኛው አገኘ ወጥቷል፤ ለጆሮ ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን «ግንኙነት አለሽ?» የተባለች ሴት ስለ ምን እንደተጠየቀች ልትጠራጠር ትችላለች። ግብረ ሥጋ የመሥሪያ ቤት ቃል ነው፤ ይገባል፤ ግን ይርቃል። ወሲብ ዛሬ ደፋር ሆኖ የሚሰማ ሲሆን፣ የግእዝ ዘመዱ አውሰበ «አገባ» ማለት ነበር፤ ቃሉ ከጋብቻ ወጥቶ ከጋብቻ ውጭ ላለው ሁሉ ስም ሆኗል። ከአራቱ የትኛው ለአርባ ዓመት የገጠር እናት፣ የትኛው ለአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ እንደሚስማማ ቅጹ አይናገርም። ነርሷ በየቀኑ ትወስናለች፤ ውሳኔዋም መልሱን ይለውጣል።

ሰዋስውም የራሱን ጫና ያመጣል። እንግሊዝኛው ቅጽ ስለ ጓደኛ ሲጠይቅ የጓደኛውን ጾታ አይናገርም። የኪስዋሂሊ ግሥም እንደዚሁ ጾታን አይለይም። አማርኛና ትግርኛ ግን በሁለተኛም በሦስተኛም መደብ ነጠላ ጾታን ይለያሉ፤ ኦሮምኛና ሶማልኛ በሦስተኛው መደብ ይለያሉ። «ጓደኛህ ታማለች?» የሚለው ጥያቄ ከመልሱ በፊት ፍርድ ይዟል። አማርኛ ለዚህ መውጫ አለው፤ እርሱም የአክብሮት አነጋገር ነው። «አብረዎት ያሉት ሰው ሕመም ተሰምቷቸው ያውቃል?» ሲባል ግሡ ጾታ አይለይም፤ ጠያቂዋም ሕመምተኛውን ታከብራለች። አክብሮቱና ገለልተኛነቱ በአንድ ቅርጽ ይገኛሉ። ይህን የሚያውቅ የሰዋስው ሰው ነው፤ ቅጹን የሚሠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው።

በኢትዮጵያ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተዘጋጀው የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች እንዲሠራ መደረጉ በዚህ ረገድ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ጥያቄው በማያ ገጹ ላይ በሕዝቡ ቋንቋ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አሥራ አንደኛው የበሽታዎች ምደባ ደግሞ ለወሲባዊ ጤና ነክ ሁኔታዎች ራሱን የቻለ ምዕራፍ ከፍቷል። ይህ ምዕራፍ በአማርኛ የሚጠራባቸው ቃላት ከአሁኑ ካልታሰቡ፣ ጨብጥን ከኤ54 ጋር ያሰረው ጥድፊያ በሌሎች ቃላት ላይ ይደገማል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ ሦስት ነገሮችን ያሳያል። በመጀመሪያ፣ የሕዝቡ ስሞች ያልተጣራ ሳይንስ ሳይሆኑ የምልክት ምደባ ናቸው፤ በአንድ ለአንድ ትርጉም ወደ ተሕዋስ ስም ሲገፉ ስፋታቸውን ያጣሉ፤ ያልነበራቸውንም ክስ ይሸከማሉ። ቀጥሎ፣ ስያሜው በጥንቃቄ በተሠራበት ቦታ፣ እንደ አባለ ዘርና እንደ «ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ የሚገኝ»፣ ቋንቋው ከምደባው ጋር እኩል፣ አንዳንዴም ቀድሞ ሊሄድ እንደሚችል ተረጋግጧል። በመጨረሻም፣ ምሥጢር መጠበቅና መቁጠር እርስ በርስ የሚጣሉ ፍላጎቶች ናቸው፤ የሐኪሙ ምሕጻረ ቃል የመጀመሪያውን ጠብቆ ሁለተኛውን ጎድቷል።

ከዚህ የሚከተለው ሥራ ለቋንቋ ተመራማሪዎች የተመቸ ነው። የየቋንቋውን የሕመም ስሞች ከሚያመለክቱት ምልክት ጋር መመዝገብ፤ ከኮዱ ጋር ያላቸውን ግንኙነት እንደ ስፋታቸው መወሰን፤ ልዩ ልዩ አጻጻፋቸውን በተጓዳኝ ስምነት ማስገባት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የየጥያቄውን ቃል በየዕድሜውና በየጾታው ከሕዝቡ ጋር ፈትሾ ማጽደቅ። በኡጋንዳ ከአንድ ምዕተ ዓመት በፊት በአንድ ስም የተሳሳተ መዝገብ የአንድን ሕዝብ ስም አጉድፏል። ያ መዝገብ በእጅ የተጻፈና በአንድ አገር የተወሰነ ነበር። የዛሬው መዝገብ በቅጽበት ከወረዳ ወደ ሚኒስቴር፣ ከሚኒስቴርም ወደ ዓለም ይደርሳል፤ ይዞት የሚሄደው ግን በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ በዝግታ የተነገረውን ያንኑ ቃል ነው። ስለዚህ የመዝገቡ መደበኛነት መጀመር ያለበት ያ ቃል ከሚነገርበት ጥያቄ ነው።